የማታርፈው አምፑል

የታየች ሚኒባስ በዓል ታከብራለች። ይህን የማያውቅ የሮብ ገበያ ሰው የለም። ሌላው ባለመኪና እሑድ አይል ማርያም አይል፤ እንዲያውም መንገደኛ የሚበዛው ታቦት በሚነግሥበት ቀን ነው ብሎ ከወትሮው አብልጦ ወደ ደብረ ማርቆስ ይመላለሳል። የታየች መኪና ግን እሑድ ትቆማለች። በወር በወሩ ለሚካኤል ትቆማለች፣ ለማርያም ትቆማለች፣ ለአማኑኤል ትቆማለች፣ ለበዓለ እግዚአብሔርም ትቆማለች።

ሹፌሯ አስማማው አንድ ቀን፣ «እትየ፣ እርስዎ ዘንድ ከተቀጠርኩ ወዲህ ከነዳሁት የቆምኩት ይበልጣል» ቢላት፣

«ደግ ነዋ። ስትሞት ምን ስትሠራ ኖርህ ብለው ሲጠይቁህ የምትለው አታጣም» አለችው።

ታየች እንዲህ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ መኪናዋን በሹፌር እያሠራች ብቻዋን የምትኖር፣ ወደ ሃምሳው የተጠጋች ሴት ናት። ፊደል የቆጠረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። አንዴ የተናገረችውን ከምትመልስ የጮቄ ተራራ ወደ ሜዳው ቢወርድ ይቀላል ይላሉ ጎረቤቶቿ። እሷም ይህን ስትሰማ አይከፋትም።

በ2010 ዓ.ም. ከጥቅምት ወዲህ መኪናዋ አዲስ ጠባይ አወጣች። በዓል ውላ በማግሥቱ አልነሣም ትላለች። አስማማው ቁልፉን ሲያዞረው «ጥቅ» ትልና ዝም። ተሳፋሪው ጋቢውን እየሰበሰበ ይወርድና ይገፋል። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ትንፈቀፈቅና ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ማርቆስ ደርሳ ትመለሳለች። በማግሥቱም ደህና ናት። ደግሞ በዓል ሲመጣ ያው ነው። አንድ ቀን የቆመች እንደሆነ እያቃሰተችም ቢሆን ትነሣለች። ሁለት በዓል ተከታትሎ ከዋለ ግን አለቀ።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምታፈላው የኔአለም ይህን እያየች፣ «በዓሉን ብቻ የምታከብር መስሎኝ ነበር። አሁንስ ማግሥቱንም ጀመረች» ትላለች።

«አንቺ የቆመ መኪና ከምትቆጥሪ የቀዘቀዘ ሻይሽን አሙቂ» ትላታለች ታየች።

መኪናዋ ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የእመቤታችን ሥዕል አለች። በሥዕሏም ራስጌ አንዲት አምፑል አለች፤ ሌትም ቀንም ትበራለች።

አምፑሏ እንዲህ ነው የመጣችው። ባለፈው ነሐሴ ታየች ራሷ ተሳፍራ ከማርቆስ ስትመለስ ከሮብ ገበያ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ጉም ወረደ። የገዛ እጅህን አታይም። አስማማው መኪናዋ ወደ ገደሉ እንዳትሄድበት መሪውን ወደ ተራራው ጎን ጠምዝዞ ያዘ፤ እየተንሸራተተች እየተንሸራተተች አንድ ጎማዋ አየር ላይ ቀርቶ ቆመች። ያን ጊዜ ታየች ዓይኗን ጨፍና፣ «እመቤቴ፣ ከዚህ ካወጣሽን በዚች መኪና ውስጥ ሌትም ቀንም የማይጠፋ መብራት አበራልሻለሁ» አለች። ወጡ። ሰው ሁሉ ወርዶ መሬት ሳመ። አስማማው ግን እጁ መሪው ላይ እንደ ተጣበቀ ብዙ ቆየ።

መስከረም ሲጠባ አስማማው ለአባቱ ተዝካር ይጁቤ ሄዶ ሳለ ታየች በሌላ ሹፌር መኪናዋን ማርቆስ አስነዳችና እንዳላማው ከሚባል የመኪና መብራት ሠራተኛ ዘንድ ቆመች። የኋላ ታርጋ የምታበራ ትንሽ አምፑል አመጣላት። ለሥዕሏ የምትበቃ፣ ቢጫ ብርሃን የምትሰጥ ናት።

«ቁልፍ ሲዘጋ አብራ እንድትጠፋ ላድርጋት?» አላት።

«አትጠፋም ብዬ ተስዬ? እመቤቴን ላታልላት ነው?»

«እንግዲያው በቀጥታ ከባትሪው ነው የምስባት። ግን እትየ፣ መኪናዋ ቆማ የምትውል ከሆነች ባትሪ ትበላለች።»

ታየች አምፑሏን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየቻት። «ይህች? ሽንብራ የምታክለው? ይህን ሁሉ ብረት የሚቀሰቅስ ባትሪ ይህችን ቢያበላ ምን ይጎድልበታል?»

እንዳላማው ትከሻውን ሰበቀ። ሽቦውን ከባትሪው ራስ ላይ አሰረው፣ በወንበሩ ሥር አሳለፈው፣ አምፑሏም በራች። ታየች እልል ብላ ወጣች። እሱ ያላትን ግን ከግቢው በር ሳትወጣ ረሳችው፤ የማትፈልገውን ነገር መርሳት ታውቅበታለች።

መኪናዋ አልነሣ ባለች ጊዜ አስማማው ማርቆስ ጋራዥ ወሰዳት። መርምረው፣ «ዲናሞው ደህና ነው። ስትሄድ ይሞላላታል። የሚያልቀው ቆማ ሳለች ነው፤ አንድ የሚበላት ነገር አለ» አሉት። አስማማው የሚበላት ነገር የቱ እንደሆነ አልጠፋበትም። ሲመለስ ቀስ ብሎ፣ እጁን እያሻሸ፣ «እትየ፣ እንዲያው ያቺ የሥዕሏ አምፑል…» ብሎ ጀመረ።

«የእመቤታችንን መብራት ሌባ ልታደርጋት ነው?» አለች ታየች።

አስማማው ከዚያ በኋላ ስለ አምፑሏ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረም። በኅዳር አዲስ ባትሪ ተገዛ። ያም አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው እንደ ቀድሞው ሆነ።

በዚህ ጊዜ ታየች ልቧን ወደ ሌላ መለሰች። መኪናዋ የምታድረው አስማማው በተከራየው ግቢ ነው። በታኅሣሥ አማኑኤል ቅዳሜ ዋለ፣ ልደት እሑድ። ሁለት ቀን ቆማ ሰኞ ሞታ ተገኘች። ወዲያው አንዲት ሴት፣ በልደት ዕለት ከነአስማማው ግቢ ዘፈን ሲሰማ ዋለ፣ ጎረምሶችም ስልካቸውን እየያዙ ሲገቡ ሲወጡ ነበር አለቻት። ለታየች ይህ በቃት። አስማማው ባትሪዋን ለዘፈንና ለስልክ እያዋለው ነው። በዓሏን ቆማ በምታከብርበት ቀን እሱ በመኪናዋ ይጨፍርበታል።

ይህን ለአስማማው ብቻውን አልነገረችውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ሰንበትን አስቁማ፣ እሱንም ጠርታ ተናገረችው።

አስማማው ሰምቶ ጨረሰና፣ «ዘፈኑ የአከራዬ ልጅ ቴፕ ነው። ስልኩም በነሱ ቤት መብራት ነው የሚሞላው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እትየ፣ ሥራ አላጣም። ቡሬ ና የሚለኝ ሰው አለ። ግን ሌባ ተብዬ አልሄድም። ሌባ የሚል ስም ከተከተለኝ ቡሬም ቢሆን መሪ የሚያስይዘኝ የለም።»

«እንግዲያው እንየው» አለች ታየች። «የፊታችን ሐሙስ ከተራ ነው። ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ፣ እሑድ። አራት ቀን በኔ ግቢ ትቆማለች። ቁልፉም በኔ አንገት ላይ ይውላል። ሰኞ ጠዋት ከተነሣች ባትሪዬን የምትጨርሰው አንተ ነህ፤ ያን ጊዜ ቁልፍ ይስጡኝ እንዳትለኝ።»

«ካልተነሣችስ?»

«ትነሣለች።»

«አይ እትየ፣ ካልተነሣችስ ነው የምልዎ?»

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ «ጠየቀሽ እኮ፣ ታየች» አሏት።

«ካልተነሣች ሌባ ያልሁትን እዚሁ በእርስዎ ፊት እመልሳለሁ» አለች። ይህን ስትል አልከበዳትም። የማይሆን ነገር ማለት አይከብድም።

ሐሙስ መኪናዋ ገባች። ታየች የግቢውን በር በሰንሰለት ቆለፈች፣ የመኪናዋን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረች። ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ እልልታውን ሰምታ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ ከበሩ ስትደርስ ግን ቆመች። እሷ ስትሄድ አንድ ሰው አጥር ዘልሎ ቢገባስ? ሰኞ አስማማው፣ «ግቢው ባዶ ነበር» ቢልስ? ተመልሳ ከመኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ጥምቀትን ከግቢ ሆና ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዓርብ የኔአለም ጠበሉን በሃይላንድ ይዛላት መጣች። በአጥሩ በላይ እያቀበለቻት፣ «መኪና ጠባቂ ሆንሽ? ይህም ደመወዝ አለው እንዴ?» አለቻት።

«ጠበሉን ስጪኝና ሂጂ።»

«ለመኪናዋም ርጪላት። የታመመችው እሷ ናት።»

የኔአለም ስትሄድ ታየች ራሷን ረጨች፣ ቀጥላም ማንም አለማየቱን አይታ ኮፈኑ ላይ ጥቂት ጣል አደረገች። በመስታወቱ በኩል አየች። አምፑሏ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆና ትበራለች። ደስ አላት።

ቅዳሜ መኪናዋን የነካ ሰው የለም። ውሻ እንኳ ጎማዋ ላይ አልሸናም። አምፑሏ ትበራለች፤ ብርሃኗ ትንሽ ቀልቷል። ታየች ፀሐዩ ነው፣ በፀሐይ መብራት ይደክማል አለች። እሑድ ከቅዳሴ ቀርታ እዚያው በርጩማዋ ላይ ዋለች። ወደ ማታ ጊዜ ስታያት አምፑሏ አመድ እንደ ለበሰ ፍም ሆናለች። ፀሐይ አልነበረም። ታየች ፊቷን መለሰችና ስለ ሌላ ነገር ልታስብ ሞከረች። ሌላ ነገር አልመጣላትም።

ሰኞ ጥር 14፣ ገና ሲነጋ፣ ከጮቄ የወረደው ውርጭ የመኪናዋን ጣሪያ አንጥቶታል። ታየች በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገች። በሩን ከፍታ ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። መንዳት አትችልም፤ ቁልፍ ማዞር ግን ስንቴ አይታለች። አንገቷን አዘንብላ ቁልፉን ከነማተቡ ከተተችና አዞረችው።

«ጥቅ» እንኳ አላለችም።

እንደገና አዞረች። ከበታቿ ያለው ብረት ሁሉ ሬሳ ሆኗል። ናፍጣው ሙሉ ነው፤ ሐሙስ ሲሞላ አይታለች። ሞተሩ ደህና ነው። ጎማው ደህና ነው።

ቀና ብላ ሥዕሏን አየች። አምፑሏ ውስጥ ያለችው ክር እንደ ቀይ ፀጉር ሆና ትታያለች። ብርሃን አትባልም፤ ለሥዕሏ ፊት አትደርስም። ታየች ትንፋሿን ይዛ አየቻት። ክሯ ጥቂት ቆየችና ጠቆረች።

አራት ቀን በርጩማ ላይ ተቀምጣ አጥሩን ስትጠብቅ ነበር። በአጥሩ የመጣ የለም።

ይህን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣባት። ግቢዋ ወደ መንገዱ ቁልቁል ነው። ወደ እርሻቸው የሚያልፉ ሁለት ሦስት ጎልማሶች ብትጠራ፣ በሩን ብትከፍት፣ አንዱ የሚያውቅ መሪ ቢይዝላት፣ ተገፍታ ትነሣለች። አስማማውና አባ ሲደርሱ መኪናዋን ደጅ ላይ እየተንተከተከች ያገኟታል። ተነሣች ትላለች። ውሸት እንኳ አይሆንም፤ ተነሥታለቻ። አምፑሏም ሞተሩ ሲሠራ መልሳ ትበራለች። የሚያውቅ ማንም የለም።

እጇን የእጅ ፍሬኑ ላይ አሳረፈች። ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

የአስማማው እጅ ትዝ አላት። ያን ቀን በጉሙ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ መሬት ሲስም፣ መሪው ላይ ተጣብቆ የቀረው እጁ። እሷ ለእመቤታችን አምፑል ገዛች። ለሱ ምን አለችው? አምስት ወር ቆይታ ሌባ አለችው።

እጇን ከፍሬኑ አነሣች። ወርዳ የግቢውን ሰንሰለት ፈታችና በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆመች።

ፀሐይ ጣሪያውን ሳትነካ አስማማው ከአባ ወልደ ሰንበት ጋር መጣ። ትንሽ ሻንጣውን ይዟል። ታየች ሻንጣውን አየችና ሰላምታም አላስቀደመች።

«አልተነሣችም» አለች። «ማንም አልነካትም። ከዚህ አልተነቃነቅሁም፤ ለጥምቀት እንኳ አልወረድሁም። ባትሪውን የጨረሰችው አምፑሏ ናት፣ አምፑሏን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዳላማው ነግሮኝ ነበር። አንተም ልትነግረኝ ነበር። ሌባ ያልሁህን መልሻለሁ። አባ፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባ።

አስማማው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ለጥምቀት አልወረዱም?» አለ።

«አልወረድሁም አልኩህ።»

«አይ እትየ» አለ፤ ሳቁን ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም። «ለኔ ተብሎ እንዲህ ያለ ጥበቃ ተደርጎ አያውቅም።»

«ለአንተ አይደለም። ባንተ ላይ ነው» አለች፤ እሷም ፊቷ ተፈታ።

አስማማው የፊተኛውን ወንበር አንሥቶ ባትሪውን አሳያት። «ይዩት፣ እትየ። ይህ እንደ እንስራ ነው። መኪናዋ ስትሄድ ዲናሞው ውሃ ይቀዳለታል። ስትቆም የሚቀዳለት የለም። የእንስራው ቂጥ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ካለችው፣ አንድ ቀን ቢያድር ይጎድላል፣ አራት ቀን ቢያድር ይደርቃል። ውርጩም ያደክመዋል። ደጋግሞ ከደረቀ ደግሞ እንስራው ራሱ ይሰነጠቃል፤ አዲሱን ያበላሸው ይህ ነው። ሞተሩ ትልቅ ቢሆን ናፍጣው ቢሞላ ዋጋ የለውም። የሚቀሰቅሰው ይህ ትንሹ ነው።»

«ከሌሎቹ መኪናዎች ሥዕል ላይ መብራት የማያበራ የት አለ?»

«እነሱ እኮ ቆመው አይውሉም። በዓል አያከብሩም።»

ታየች በዓል ማክበሩን አትተውም። ይህ የታወቀ ነው። አባ ወልደ ሰንበት ነገሩን ሊያቀሉላት ብለው፣ «ስለቱን እኔ እፈታልሻለሁ፣ ልጄ። ሳታውቂ ነው የተሳልሽው። ቁልፍ ሲከፈት ትብራ፣ ሲዘጋ ትጥፋ» አሏት።

«አይሆንም፣ አባ።»

«ታዲያ እንዳየሽው አምፑሏ ራሷስ መቼ በራች? ዘይት ሳይዙ መብራት እንደ ያዙት ደናግል ሆነ እኮ። ባትሪው ሲያልቅ እሷም ጠፋች።»

«እሱን አይቻለሁ። ስትጠፋ ፊቷ ተቀምጬ ነበር» አለች። ከዚያ ወደ አስማማው ዞረች። «ይህን ሽቦ ለመፍታት ምን ይፈልጋል?»

«አሥር ቁጥር ቁልፍ፣ የብሎን መፍቻው።»

«አምጣው።»

ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አውጥቶ ሰጣት። እሷ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አለች። ወዴት እንደሚዞር እጇን ይዞ አሳያት፤ አንዴ አጥብቃው አንዴ አላልታው ፈታችው። እንደገና አሰረችው። እንደገና ፈትታ መልሳ አሰረችው። አባ ቆመው ያያሉ።

«ስለቴ አይፈታም» አለች ተነሥታ፣ ጉልበቷን እያራገፈች። «መኪናዋ ስትሠራ መብራቷ እዚህ ይበራል። የበዓል ዋዜማ ማታ እኔው እመጣለሁ፣ ይህን እፈታለሁ፣ ሥዕሏን ይዣት ቤት እገባለሁ፣ ጧፍ አበራላታለሁ። በዓሉ ሲያልፍ መልሼ አመጣታለሁ። መኪናዋ ስታርፍ እሷም ከኔ ዘንድ ትረፍ።»

«አራት ቀን ሙሉ ጧፍ ልትጠብቂ?» አሉ አባ።

«አራት ቀን ሙሉ መኪና ጠብቄ የለ?»

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን አሳልመው፣ ለሌላ ጉዳይ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው ወጡ።

አስማማው ሻንጣውን አየ፣ በሩን አየ። ታየች ቁልፉን ከማተቧ ላይ ልትፈታ ትታገላለች፤ ክሩን አራት ቀን ሙሉ በላብና በጠበል አጥብቃዋለች። መፍታት ሲያቅታት በጥርሷ ያዘችው።

«ልርዳዎት?»

«ተው፣ እኔ አሰርሁት እኔ እፈታዋለሁ።» ፈታችው። በመዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ እጇን ግን ወዲያው አላነሣችም። «ያን ቀን በጉሙ ጊዜ» አለች፣ ወደ ሌላ እያየች፣ «እመቤታችን ናት ያወጣችን። በአንተ እጅ ነው ግን።»

አስማማው ራሱን ዝቅ አደረገ። ሻንጣውን አንሥቶ ኋላ ወንበር ላይ ጣለው።

መኪናዋን ግቢ ውስጥ ሊያስነሣት አልቻለም። ወደ እርሻ የሚያልፉትን ጎልማሶች ጠሩ። ታየችም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከኋላ ገፋች። መናኸሪያው ጋ የነበረችው የኔአለም ከሩቅ አይታ እየቀረበች፣ «ማግሥቱን ታከብራለች አላልሁም?» አለች።

«ዝም ብለሽ ግፊ» አለቻት ታየች።

ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ተንፈቀፈቀች፣ ጭስ ተፋች፣ ተነሣች። ከሥዕሏ ራስጌ አምፑሏ ቀስ እያለች ቀላች፣ ከዚያ ቢጫ ሆነች። ታየች እጇን ከውርጩ በቀሚሷ እየጠረገች ቆማ አየቻት። መኪናዋ መልሳ የምትቆመው የፊታችን እሑድ ነው፤ በማግሥቱም ሰኞ የጥር ማርያም ነው። ቅዳሜ ማታ ሥዕሏን ለማውረድ ትመጣለች። አሥር ቁጥሩ ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል፤ አስማማው ይመልሱልኝ አላለም፣ እሷም ልትመልስለት አላሰበችም።